የሸንበቆ ማርያሙ የኔታ የመለሷቸው ደብዳቤዎች

የኔታ ዘርአ ዳዊትን እኔ አላየኋቸውም፤ አባቴም አላያቸውም። ያያቸው የአባቴ አያት ነው። በሸንበቆ ማርያም ቅኔ ቤት አራት ዓመት ተቀምጦ፥ ቅኔውን እዚያው ጥሎ የየኔታን መልሶች ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው ይሉታል። ቤተ ሰባችን ይህን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። እኔም የምጽፈው ከእሱ ሲወርድ የመጣውን ነው፤ ጨምረሃል የሚለኝ ካለ የጨመሩት ከእኔ በፊት የነበሩት ናቸው።

የኔታ የቅኔ ቤቱ አለቃ ስለ ነበሩ ከየአቅጣጫው ደብዳቤ ይመጣላቸዋል። በዚያ ዘመን የጌታ ደብዳቤ ሲመጣ ሰው ተነሥቶ ነው የሚቀበለው። የኔታም ተማሪውን ሁሉ አስነሥተው ደብዳቤውን በጉባኤው ፊት ያነቡና መልሱን እዚያው ይጽፋሉ። አብዛኛው ጌታ ማኅተም እንጂ ፊደል አልነበረውም። ስለዚህ መልሱ በአዳራሹ፥ እንግዳ በተሰበሰበበት፥ በጸሐፊው አፍ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የኔታ ይህን ያውቃሉ፤ አውቀውም ይጽፋሉ።

ከደብሩ በታች ባላምባራስ ጓዴ የሚባል፥ ጎተራው ሰባት የሆነ ቆንቋና ሰው ነበር። ተማሪ እንደ ልማዱ ለቁራሽ ደጁ ሲቆም ውሻ ይለቅበታል። አንድ ቀን ውሻው በተማሪ ዱላ ተመታና ባላምባራስ ባለማኅተም ደብዳቤ ላከ። ተማሪዎችዎ ውሻዬን ደበደቡ፥ ይቅጡልኝ ይላል። የኔታ መለሱ፤

«ጠየቅኋቸው። ካንተ ቤት ወደ እነሱ ወጥቶ የሚያውቀው ውሻው ብቻ ነው አሉኝ። እስቲ አንድ ቀን እንጀራ አውጣና ይደበድቡት እንደ ሆነ እንይ።»

ባላምባራስ እንጀራ አላወጣም። ውሻውን ግን አሰረው፤ ተማሪውም ለዚያ አመሰገነ።

በሌላ ጊዜ የአገሩ ዳኛ ፊታውራሪ ውቤነህ ጻፉ። መቼም ደብዳቤ እንዴት ሰነበቱ ሳይል አይጀምርም። የእሳቸው ጸሐፊ ግን የኔታን እንዴት ሰነበቱ ብሎ አልበቃው አለና ደብሩን፥ ካህናቱን፥ ተማሪዎቹን፥ በቅሎዋን፥ የዘንድሮውን ዝናብ ሳይቀር ሲጠይቅ ወረቀቱ አለቀበት። ከታች ማኅተም ብቻ አለ። መልእክተኛው መልስ ካላገኘሁ አልሄድም ብሎ ቆመ። የኔታም ጻፉለት፤

«እኔ ደኅና ነኝ፤ በቅሎዬም ደኅና ናት። የጻፉበትን ጉዳይ በሌላ ወረቀት ይላኩልኝ፤ ሰላምታው ለሁለቱም ይበቃል።»

ጉዳዩ በሳምንቱ መጣ፤ እሱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ደምለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ለበቅሎዎቻቸው ግጦሽ ፈልገውታል። በዚያ ኮረብታ ላይ የመቶ ሃያ ተማሪ ጎጆ አለ። ጎጆው ከፈረሰ ተማሪው ይበተናል፤ ተማሪው ከተበተነ ቅኔ ቤት የሚባል ነገር የለም። ፊታውራሪ የጻፉት የኔታ ሐሙስ በደጃዝማች አዳራሽ ቀርበው ስለ ኮረብታው እንዲሟገቱ ነው። የአባቴ አያት እንዳለው፥ የኔታ አንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ያነበቡት ያን ቀን ብቻ ነው። መልሱን ግን በአንድ ትንፋሽ ጻፉት፤

«ከሳሼ ደጃዝማች፥ ዳኛዬ የእኅታቸው ባል፥ ችሎቱም እሳቸው ቤት ከሆነ፥ የምተርፈው እኔ ነኝ። ያለ እኔም ትስማማላችሁ።»

ይህ በፊታውራሪ አዳራሽ ሲነበብ እንግዳው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ፊታውራሪ በማግስቱ ታምሜአለሁ ብለው ከችሎቱ ቀሩ።

ደጃዝማች ግን ነገሩን አልተዉም። ልጅ መርሶ የሚባል የሃያ አምስት ዓመት ልጅ አላቸው። ቅኔ ይማር ብለው ሸንበቆ ማርያም ከላኩት ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ሦስቱንም ዓመት በሸለቆው ጅግራ ሲያባርር ከርሟል። አባትየው ይህን አያውቁም። እናም ሌላ ደብዳቤ መጣ። ልጄ ትምህርቱን ጨርሷል፥ ለቅኔ መምህርነት በቅቷል ብለው ይመስክሩለት፤ ያለዚያ ለሰኔ ሚካኤል ጎጆዎቹ ይፈርሳሉ የሚል ነው።

ተማሪው እርስ በርሱ ተያየ። የአባቴ አያት ጎጆውን ገና ክዳን ማልበሱ ነበርና፥ ይመስክሩለት የኔታ፥ አንዲት ቃል ናት ብሎ ከለመኑት አንዱ እሱ ነው። የኔታ አዩትና፥ «ዛሬ ለእሱ ከመሰከርሁ ነገ ለአንተ ስመሰክር ማን ያምነኛል?» አሉት። ይህን ሲናገር እስከ እርጅናው ያፍር ነበር አሉ።

የኔታ ጥቂት ጽፈው ወረቀቱን አጠፉና ለመልእክተኛው ሰጡት። ምስክሩ ይኸው፤ ነገር ግን ከልጅ መርሶ በቀር ማንም እንዳያነበው አሉ።

ደጃዝማች ደስ ብሏቸው ግብር አገቡ። ልጅ መርሶ ተነሥቶ ወረቀቱን ዘረጋ። ሳይዘቀዝቅ መያዙን ሦስት ዓመት ውስጥ ተምሮታል። ከዚያም ማንበብ ጀመረ። መርሶ የዕውቀት ባሕር ነው፤ እንደ እሱ ያለ ተማሪ በሸንበቆ ማርያም ታይቶ አይታወቅም፤ እኔ መምህሩ እንኳ ጥያቄውን እፈራለሁ አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱ ግን አንድ ዋንጫ ጠጅ እስኪያልቅ አነበበ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ደጃዝማች በደስታ እንባቸው መጣ። እንዲህ ያለ ምስክር በወንጌሉ ኅዳግ ይጻፍ ብለው ወረቀቱን ለጸሐፊያቸው አሰጡና ቃል በቃል እንዲደግመው አዘዙት። ጸሐፊው የየኔታ የቀድሞ ተማሪ ነው። ወረቀቱን አየ፥ በሩን አየ፥ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ፤

«ልጅ መርሶ ይህን ወረቀት እንደ ተጻፈው ካነበበው ኮረብታው ለበቅሎዎችዎ ይሁን።»

ደጃዝማች ልጃቸውን አዩት፤ ልጃቸው ጣራውን አየ።

በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ መጣ፤ መልእክተኛውን ስምንት ባለጋሻ አጅቦታል። በሰው ፊት አዋረድኸኝ፤ ይህን ልጅ ምን ላድርገው? አንተንስ ምን ላድርግህ? ይላል። ተማሪው እንደ ቆመ ቀረ። የኔታ ብዕራቸውን አነሡ፤

«እኔን ይተዉኝ። ልጁን ግን ይላኩልኝ፥ ከሀ ሁ እንጀምራለን፤ ጎጆውን የሚቀልስበትን ኮረብታም ይጠብቁለት።»