አያ ጅቦና የመስታወቱ ግንብ

አንድ ጊዜ ዝናብ ዘገየና ኩሬው ከቀን ወደ ቀን እየጎደለ ጭቃ ሊሆን ተቃረበ። ሌሎቹ አራዊት ውሃ ሲጠፋ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ዓሦች ግን ወዴት ይሄዳሉ? አያ አንበሶ ይህን አይቶ አራዊቱን ሁሉ በዋርካው ጥላ ሥር ሰበሰበና፣ በቤቱ የተረፈ ውሃ ያለው ሁሉ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ዓሦቹን ተካፍሎ እንዲያስጠጋ አዘዘ።

ትእዛዙ መልካም ነበር። ችግሩ የመጣው ውሃ ያለው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። አንደኛዋ እመት አህያ ሆነች፤ ከዛፍ ግንድ የተፈለፈለ ሰፊ ገንዳ ነበራት። ሌላው ደግሞ በዋሻው ውስጥ ምንጭ የሚንጠባጠብለት አያ ጅቦ ሆነ። ስሙ ሲጠራ ስብሰባው ሁሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

አያ ጅቦ ራሱም ደነገጠ። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ጅብ ነኝ» አለ።

«እሱን ሁላችንም እናውቃለን» አለ አያ አንበሶ። «ውሃው ግን ያለው አንተ ጋ ነው።»

አያ ጅቦ አንዲትም ዓሣ እንደማይነካ ማለ፣ ተገዘተ። መሐላውን ያመነው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ራሱን ሙሉ በሙሉ አላመነውም። ዓሦቹ በቅል ተቀድተው ወደ ዋሻው ሲገቡ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ምራቁን ሲውጥ ነበር።

ነገር ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። ምንጩ በሚንጠባጠብበት የድንጋይ ጎድጓዳ ውስጥ ዓሦቹ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ማየት ደስ ይለው ጀመር። እመት አህያ ለደኅንነቷ ስትል ከማዶ ካለው ጉብታ ላይ ሆና፣ ምግባቸው ትንሽ ትንሽ እንዲሆን፣ ውሃው በየጊዜው ከላይ እየተቀነሰ አዲስ እንዲጨመርበት፣ ከዚህ ሌላ ግን ምንም እንዳይነካካ ጮኻ ነገረችው። እሱም እንዳለችው አደረገ። ከዓሦቹ በዕድሜ የምትበልጠው እመት ቆሮሶ፣ መጀመሪያ ላይ እሱን ስታይ ከድንጋይ ሥር የምትሸሸገው፣ ውሎ አድሮ ከውሃው አፋፍ መጥታ ታነጋግረው ነበር።

አያ ጅቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በትክክል ሠራ። የሚያሳዝነው ነገር ይህን ያየለት አልነበረም። ሆዱ ከሚርበው በላይ የሚርበው አንድ ነገር ቢኖር «ጎበዝ» መባል ነበር፤ እሱን ደግሞ ከእናቱ በቀር ማንም ብሎት አያውቅም፤ እናቱም ያለችው አንድን አጥንት ሳያኝክ የዋጠ ቀን ነው።

በዚያ አገር እመት ቀበሮ «ቤት ሲያምር» የሚባል የቴሌቪዥን ትዕይንት ታዘጋጅ ነበር። ወደ አንዱ ቤት ትሄዳለች፤ ቤቱን ታፈርሳለች፤ በቦታው የሚያብረቀርቅ ነገር ታቆማለች፤ ባለቤቱን ዓይኑን በጨርቅ ሸፍና ታስገባዋለች፤ ጨርቁ ሲነሣ ባለቤቱ ያለቅሳል፤ ተመልካች ያጨበጭባል። ካሜራው ከሄደ በኋላ በሩ ባይዘጋና ጣሪያው ቢያፈስ የሷ ጉዳይ አልነበረም። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዓሦቹ ስለነበር ካሜራዋን አስይዛ መጀመሪያ ወደ እመት አህያ ሄደች። እመት አህያ ዓሦቹ ደኅና እንደሆኑ፣ መታየትም እንዳላማራቸው ነግራ በሩን ዘጋችባት። ከዚያ ወደ አያ ጅቦ መጣች።

«አያ ጅቦ» አለችው፣ «ጅብ ዓሣ ሲንከባከብ! ይህንን ታሪክ አገር ማየት የለበትም?»

አያ ጅቦ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊቱ ትልቅ ሆኖ ይታይ እንደሆነ። እመት ቀበሮ ከዚያም በላይ አሰበችለት። ከጣሪያው የሚደርስ የመስታወት ግንብ ታሠራለታለች፤ ግንቡ አናቱ ላይ እየጠበበ ሄዶ የሱን ራስ ይመስላል፤ ዓሦቹም በሚስቀው አፉ ውስጥ በጥርሶቹ መካከል እየገቡ እየወጡ ይዋኛሉ። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ወዲያው እሺ አለ። ሌላ ሰው በራሱ አምሳያ አፍ ውስጥ ዓሣ ሲመላለስ ቢያስብ ነገሩ አይጥመውም ነበር። እሱ ግን ያሰበው ጥርሶቹ ነጭ እንዲሆኑለት ነው።

ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ለእመት አህያ ሊነግራት ወደ አጥሯ ሄደ። እሷ ከአጥሩ ጀርባ ሆና፣ ግንቡ ከላይ እንዲህ ከጠበበ ዓሦቹ አየር ከየት እንደሚያገኙ ጠየቀችው። አያ ጅቦ ቅናት መሰለው። የሷ ገንዳ ለቴሌቪዥን የሚበቃ እንዳልሆነ፣ ቢሆንም ተስፋ እንዳትቆርጥ መክሯት ተመለሰ።

ሥራው በጥድፊያ ተጀመረ። ግንቡ እንደቆመ ዓሦቹ ወደ እሱ ተዛወሩ፤ የድንጋዩ ጎድጓዳም ለካሜራው ቦታ ይይዛል ተብሎ ተሰበረ። ዓሦቹ የመጡባቸው ቅሎች ለጌጥ ተብለው ከታች ተቀድደው በመብራት ላይ ተደፉ። በግንቡ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ጠጠሮች ተነሰነሱ፤ ቀለማቸው ገና አልደረቀም ነበር። ዙሪያውን የተሰቀሉት መብራቶች እጅግ ከመጋላቸው የተነሣ የአያ ጅቦ ጆሮ አንዱን ሲነካ ጠጉሩ ተለበለበ። እመት ቆሮሶ ውሃው እንደሚሸታት፣ ልጆቹንም እንደከበዳቸው ብትነግረው፣ ሁሉም ነገር ሲጀመር እንዲህ ነው ብሎ አጽናናት።

ከዚያ ምግቡ መጣ። እመት ቀበሮ፣ ተመልካች ዓሦች ሲሻሙ ማየት ይወዳል ብላ እጁን እንዲዘረጋ ነገረችው። ለአያ ጅቦ ይህን መንገር አያስፈልግም ነበር። በዓለም ላይ የሚጠግብ ፍጥረት አለ ብሎ አምኖ ስለማያውቅ፣ የተከተፈ ጉበት በጥፍሩ እያፈሰ ወደ ግንቡ ጨመረ። ዓሦቹ የቻሉትን በሉ፤ የቀረው ከታች ተኝቶ ውሃውን አደፈረሰው። እመት ቀበሮ ድፍርሱ በመብራት ሲታይ ጭጋግ ይመስላል ብላ ወደደችው።

ትዕይንቱ በቀጥታ በሚተላለፍበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አራዊቱ ሁሉ በዋሻው ደጅ ተሰበሰቡ። ያልመጡት በዋርካው ሥር በተተከለው ትልቅ ቴሌቪዥን ይመለከቱ ነበር። የአያ ጅቦ ዓይን ተሸፈነ፤ ግንቡ ሲሠራ ሁሉንም ስላየ ሳላለቅስ እቀር ይሆን ብሎ ይጨነቅ ነበር። ጨርቁ ሲነሣ ግን አልቅስ ሳይባል አለቀሰ። ጭብጨባው ዋሻውን አናወጠው። እሱም የገዛ ፊቱን በመስታወት ተሠርቶ ሲያይ፣ ይህን ያህል መልከ መልካም መሆኑን እስከዛሬ ሳያውቅ በመኖሩ ተቆጨ።

ዓሦቹ ሁሉ በግንቡ ጠባብ አናት ላይ ተጨናንቀው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። እመት ቀበሮ ወደ ካሜራው ዞራ፣ ዓሦቹ ለተመልካቾች ሰላምታ እያቀረቡ እንደሆነ ተናገረች። አያ ጅቦም አመነና ራሱን ዝቅ አድርጎ አጸፋውን መለሰላቸው። ሰላምታው ግን አላበቃ አለ። ከትንንሾቹ አንዷ ቀስ ብላ በጎኗ ተጋደመች፤ ከዚያም ሆዷን ወደ ላይ አደረገች። እመት ቀበሮ እንቅልፍ ወስዷት ነው አለች።

አያ ጅቦ ብዙ ነገር አያውቅም፤ ሬሳ ግን ያውቃል።

ጆሮውን ከመስታወቱ ጋር አጣበቀ። እመት ቆሮሶ ከውስጥ ሆና በደከመ ድምፅ፣ «አያ ጅቦ፣ ትንፋሽ አጠረን። አውጣን» አለችው።

ዙሪያውን አየ። ጎድጓዳው ተሰብሯል፤ ቅሎቹ ተቀድደዋል። «በምን ላውጣችሁ?» አላት። «ዕቃ የለኝም።»

«አፍ አለህ።»

«አፌን ታውቂው የለም ወይ?»

«አውቀዋለሁ። እኛ ቆሮሶዎች ልጆቻችንን ክፉ ነገር ሲመጣ አፋችን ውስጥ ነው የምንደብቃቸው» አለች። «አፍ ይህም ሥራ አለው። ዛሬ አንተም ሞክረው።»

እመት ቀበሮ በጆሮው ካሜራው እየሠራ እንደሆነ፣ ፈገግ ማለት እንዳለበት ሹክ አለችው። አያ ጅቦ በጣም ደደብ የሚባል ቢሆንም፣ አገር ሁሉ እያየው ዓሣ በአፉ ቢያነሣ ምን እንደሚባል ለመገመት ግን ብልህነት አላስፈለገውም። አንድ ጊዜ ወደ ካሜራው አየ፤ አንድ ጊዜ ወደ ትንሿ ሬሳ አየ። ከዚያ በግንቡ ላይ ወጥቶ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደና ውሃውንም ዓሦቹንም አፉን ሞልቶ ዘጋ።

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። አያ ጅቦ ወደ እመት አህያ ገንዳ ሮጠ። የሚያደርገውን ሊያስረዳ ቢፈልግም አፉ ሙሉ ስለነበር አንዲት ቃል እንኳ መናገር አልቻለም። ዓሦቹ በምላሱ ላይ ሲንፈራገጡ ሆዱ የሚያውቀውን ሁሉ ልመና ለመነው። እመት አህያ ጅብ አፉን ነፍቶ ወደ ቤቷ ሲገሰግስ ስታይ፣ ማንም አህያ የሚያደርገውን አደረገች፤ አጥሩን ዘልላ ጠፋች። እሱም አፉን ገንዳው ውስጥ ነክሮ ከፈተ።

ሁሉም አልተነሡም ነበርና መመለስ ግድ ሆነበት። አሁን ሕዝቡ ድንጋይና ዱላ ይዞ ይጠብቀው ነበር። እየተደበደበ ወጣ፤ እየተደበደበ ወረደ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ወደ ገንዳው ሲቃረብ በዛፍ ሥር ተደናቀፈና በደረቱ ወደቀ። አንድ ለስላሳ ነገር በጉሮሮው ውስጥ ወረደ። ለአንድ አፍታ እዚያው ተኝቶ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ የቀሩትን ገንዳው ውስጥ ተፋ።

አያ አንበሶ ሕዝቡን አስከትሎ ሲደርስ አያ ጅቦን ደም በደም ሆኖ ከገንዳው አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘው። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት እመት ቆሮሶ ከውሃው ብቅ አለችና የሆነውን ሁሉ፣ ግንቡን፣ ትንፋሽ ማጣታቸውን፣ አፉን የለመነችው እሷ ራሷ መሆኗን ተናገረች። ዱላ የያዙ ዱላቸውን ጣሉ። ከሕዝቡ ጋር የተመለሰችው እመት አህያ እንኳ ሁለት እርምጃ ቀረበች። ከኋላ ያለ አንድ ከርከሮ «ጎበዝ!» አለ፤ ሌሎቹም ለማጨብጨብ ተዘጋጁ።

አያ ጅቦ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቃል ይህ ነበር። ዝም ቢል ይበቃው ነበር።

«አንዷ ገብታለች» አለ።

ወደ ሆዱ አመለከተ።

«መንገድ ላይ ወድቄ ነው። የተደናቀፈው እግሬ ይሁን ሆዴ እስካሁን አልለየሁትም። ሆዴን ስለማውቀው ግን ምስክር አልቆምለትም።»

ያጨበጨበ አልነበረም። አያ አንበሶ ፍርዱን ለዓሦቹ ተወው። እመት ቆሮሶ የቀሩትን አንድ በአንድ ቆጠረች።

«አንዷን ግንቡ ገደላት፤ አንዷን አንተ» አለች በመጨረሻ። «የቀረነው ግን አለን፤ ገንዳው ደግሞ አሁን ለሁላችንም አይበቃም። ምንጭህ ካልደረቀ ውሃ አምጣልን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጅቦ ከዋሻው ምንጭ ውሃ እየቀዳ ወደ አህያ ቤት አመላለሰ። መጀመሪያ ላይ እመት አህያ ውሃውን አጥሩ ሥር አስቀምጦ እንዲርቅ ታደርገው ነበር። በኋላ እስከ በሩ ፈቀደችለት። ጀርባዋን ግን አንድም ቀን አልሰጠችውም፤ እሱም ልክ ነሽ ይላት ነበር።

እመት ቀበሮ በበኩሏ ከዕለቱ ሁሉ አያ ጅቦ ዓሦቹን አፉ ውስጥ ሲከት የሚታየውን ቁራጭ ብቻ ደጋግማ አሳየች። ስለዚህ የተመኘውን ዝና አገኘ፤ እሱን የማያውቅ ፍጥረት በአገሩ ጠፋ። ጦጣዎች ከዛፍ ላይ ሆነው ዓሦቹን ሁሉ የጨረሰው ያ ነው እያሉ ሲጠቋቆሙበት፣ መጀመሪያ ሰሞን ቆሞ ሊያስረዳ ይሞክር ነበር። ኋላ ግን «ሁሉንም ሳይሆን አንዷን ብቻ ነው የበላሁት» ብሎ ክርክር የሚያሸንፍ ጅብ እንደሌለ ገባውና በራሱ እየሳቀ ውሃውን ተሸክሞ ማለፍ ጀመረ።

አንድ ቀን እመት ቀበሮ ተመልሳ መጣች። የዓሦቹን አያያዝ በተመለከተ ክፍል ሁለት ልትሠራ እንዳሰበች፣ በዚህኛው የሱ መልካም ስም እንደሚመለስለት ነገረችው።

«ለማየት ከሆነ ነይ» አላት። «ነገር ግን የሚታይ ነገር የለም።»

መጥታ ካሜራዋን ተከለች። ገንዳ አለ፤ ገንዳው ጥላ ውስጥ ነው። አህያዋ ቆንጥራ ምግብ ጣለች። ጅቡ ከውሃው ላይ ጥቂት ቀድቶ አፈሰሰና አዲስ ጨመረበት። ዓሦቹ ወዲያ ዋኙ፤ ወዲህ ዋኙ። እመት ቀበሮ ጠበቀች፤ ጠበቀችና አዛጋች፤ በመጨረሻም ካሜራዋን ነቅላ ሄደች። አያ ጅቦ ባዶውን እንስራ አነሣና ወደ ምንጩ ተመለሰ። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ሲመጣ፣ ዓሦቹ ወፍረውና ደኅና ሆነው ወደ ኩሬው የተመለሱት ማንም ሳያያቸው ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ነፍስ ያለውን ፍጥረት በአደራ የተቀበለ ሁሉ መጨነቅ ያለበት እሱ ለሰው እንዴት እንደሚታይ ሳይሆን ያ ፍጥረት እንዴት እንደሚተነፍስ መሆኑን ነው።