ጌጥ የሌላት በርጩማ

ተረት ተረት። «የመሠረት» ሳትሉኝ አፌን አልከፍትም። አላችሁ? ቅረቡ እንግዲህ።

በድሮ ዘመን እመት ውዳላት የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ጧት ጧት ከደጃፋቸው ፀሐይ ላይ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እያወጉ ጥጥ ይፈትላሉ። «ዓይኔ ሳይጠፋ ለልጄ ጋቢ የሚሆን ፈትል ልጨርስ» ይሉ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ልጃቸው ይርዳው ግራዝማች ተብሎ ተሾመ። ሹመት ዓይን ያጠፋል፣ ልጆቼ። «የግራዝማች እናት በጉማጅ ላይ ትቀመጥ?» አለና በርጩማዋን አስፈልጦ ማገዶ አደረጋት። ጠራቢም አስጠራ።

አንደኛው ጠራቢ የአንበሳ ራስ የተቀረጸበት ባለ ክንድ ወንበር አመጣ። እመት ውዳላት እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ክርናቸው በአንበሳው ጥርስ ተላጠ፤ ፈትሉም ተበጠሰ። «ያምራል ልጄ» አሉ። አልፈተሉም።

ሁለተኛው ብር የተለበጠበት ትልቅ ወንበር አመጣ። አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው፤ ወደ ፀሐይ የሚያወጣው ግን ጠፋ። ጎረቤቶቻቸው መጥተው ሽቅብ አዩዋቸው፤ ፈርተው ሳይቀመጡ ተመለሱ። እመት ውዳላትም «ያምራል ልጄ» አሉ። አልፈተሉም።

እየዋለ እያደረ እህል ጠሉ። ጥጡ አቧራ ለበሰ። ግራዝማቹ ተጨነቀ። ክፉ ልጅ እኮ አልነበረም፤ እናቱን ይወዳል፣ አወዳደዱ ነው የጠፋው።

ሦስተኛው ጠራቢ አንለይ ባዶ እጁን መጣ። ግራዝማቹን ምንም አልጠየቀም። ከእመት ውዳላት እግር ሥር ቁጭ አለና፣ «እመቤቴ፣ ሲፈትሉ እጅዎ እስከ የት ይዘረጋል?» አላቸው። ዘርግተው አሳዩት። እስከዚያች ቀን የጠየቃቸው አልነበረምና ዕንባቸው መጣ።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ዋንዛ የተጠረበች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዞ ተመለሰ። ክንድ የላት፣ መደገፊያ የላት።

«ትቀልድብኛለህ? ጌጧ የታለ?» አለ ግራዝማቹ።

«ጌጧ እናትዎ ሲቀመጡባት ይመጣል፣ ጌታዬ።»

«ባይመጣ መጥረቢያህን እቀማሃለሁ።»

«ይሁን።»

እመት ውዳላት በርጩማዋን በአንድ እጃቸው አንሥተው ወደ ደጅ ወጡ። መሬቱ ወጣ ገባ ነው፤ ሦስት እግር ግን አይንገዳገድም። ተቀመጡ። እጃቸውን እስኪበቃቸው ዘረጉ። እንዝርቱ ሾረ። ሴቶቹም አንድ አንድ እያሉ መጥተው ከበቧቸው። ግራዝማቹ ይህን ሲያይ ሹመቱን ረሳና ከእናቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አንለይ ሁለት በሬ ተሸለመ። በብሩ ወንበር ላይ ዶሮ እንቁላል ጣለችበት።

ክረምት ሲገባ ጋቢው ተሸምኖ ደረሰ። ጥለት የለው፣ ጥልፍ የለው። እመት ውዳላት በገዛ እጃቸው ለልጃቸው ደረቡለት።

«ያምራል እማዬ» አለና አለቀሰ።

ለዚህ ነው «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚባለው። ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በእሸት አብሱ።