ጩኸቱን ያልሰማው አከራይ

«አንድ ሰው ነበረ፤ በቤቱ ኮምፒውተር የሚያሳድር» ብለው ጀመሩ መምህሩ።

አጠገባቸው የተቀመጠው ጎልማሳ ጥያቄ ይዞ ነበር የመጣው። ትልቋ ልጁ ከቤቱ ወጥታ አክስቷ ዘንድ ልትኖር ቆርጣለች። «ምን በደልኩሽ?» ቢላት «ምንም» አለችው፤ እናቷንም ቢጠይቅ ያው «ምንም» ነው። ስለዚህ መምህሩን «ማንም ካልነገረኝ ጥፋቴን በምን ልወቅ?» አላቸው። እሳቸውም «ጥያቄህ ደግ ነው፤ ትንሽ ዘገየህ እንጂ» ብለው እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ፦

ሰውየው አከራይ ነበር። ከራሱ ቤት ቀጥሎ በአንድ መስመር የተሠሩ ክፍሎች አሉት፤ በመካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። እንጀራው የፎቶ ቤቶችን የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ በትልልቅ ኮምፒውተሮች ማስቀመጥ ነበር። ሰርቨር ይሏቸዋል። ሌት ተቀን አይጠፉም፤ ሲሠሩ ስለሚግሉ ሆዳቸው ውስጥ ማራገቢያ ይሽከረከራል። እሱ የገዛው ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ የሸጣቸውን አሮጌዎች ስለነበር፣ ቤቱ ወፍጮ ቤት ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ራሱም ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ይተኛ ነበር። ቆይቶ ለመደው። ጥጡን ጣለ፤ ማሽኖቹም ዝም ያሉ መሰለው።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በልልኝ። ለተከራዮቹ ኢንተርኔቱን በነፃ ለቆላቸዋል። ውሃ ሲጠፋ ከራሱ ሮቶ ያስቀዳቸዋል። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ተከራይ በወለደች ጊዜም ለገንፎዋ ቅቤ ይዞ የገባው እሱ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን ትዝ ብሎት «የማሽኖቹ ድምፅ አስቸገራችሁ እንዴ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «ኧረ ምንም አይልም ጋሼ» አሉት። ምን እንዲሉት ትፈልጋለህ? በኢንተርኔቱ እየተጠቀሙ፣ ውሃውን እየቀዱ፣ ቅቤውን በልተው? ይሉኝታ ያዛቸው። እሱ ግን ቃላቸውን እንዳለ ተቀብሎ አረፈ።

አራሷ አመሻሹ ላይ ሕፃኗን አዝላ ከግቢው በር ውጭ ወዲያ ወዲህ ስትል ያያታል። «ምነው ብርድ ላይ?» ሲላት «አየር ልቀበል ብዬ ነው» ትለዋለች። ሕፃኑ ከዚያ ግድግዳ ሥር አልተኛ ብሎ እየከሳ ነበር፤ የእሷም ወተት በእንቅልፍ እጦት እየነጠፈ። ባሏ ሌላ ቤት ማፈላለግ ጀምሯል፤ ለአከራዩ ግን ትንፍሽ አላለም። የግቢው ሰው እርስ በርሱ ሲያወራ ካልጮኸ አይደማመጥም። አከራዩም ለጓደኞቹ «ተከራዮቼ ደጎች ናቸው፤ ጯሂነታቸው ነው ክፋቱ» እያለ ያማቸው ነበር። እዚህ ላይ ብትስቅ አልቀየምህም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማሽኖቹ በባትሪ ይቆያሉ፤ ያን ቀን ግን ባትሪው ለጥገና ሄዶ ነበር። አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሰውየው ተበሳጭቶ ወጣ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያጉረመርም ስለሚያውቅ፣ ከተከራዮቹ ጋር አብሮ ሊያማርር ፈልጎ ነው። ገና በረንዳው ላይ ሳለ አራሷ በክፍሏ ውስጥ ሆና «ተመስገን» ስትል ሰማ።

ባለበት ቆመ። ጡረታ የወጣ አንድ ተከራይ ወንበሩን አውጥቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ፤ ከወዲያ በኩል ያለችው ጎረቤቱ መጥታ ወሬ ጀመሩ። ቀስ ብለው ነበር የሚነጋገሩት። አከራዩ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ዝግ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አያውቅም ነበር። የአራሷ በር ገርበብ ብሏል። ሕፃኑ ተኝቷል፤ እናቲቱም ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቡ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጆች ሆ አሉ። በእሱ ግቢ ሆ ያለ ሰው የለም። ማሽኖቹ ራሳቸው ተነሥተው ማጓራት ጀመሩ። ጡረተኛው ወንበሩን አንሥቶ ገባ። ሕፃኑ አለቀሰ፤ እናቲቱም ተነሥታ ማዘያዋን ትፈልግ ጀመር። አከራዩ ያን ጊዜ ክፉኛ አፈረ።

ገብቶ ሶኬቱን ነቀለና በሯ ላይ መጥቶ ቆመ። «አስቸግሮሻል ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም፤ እሱን ጥያቄ ቀድሞ ጠይቆት መልሱንም አይቶታል። «መብራት ሲጠፋ ተመስገን ስትዪ ሰማሁ» አላት። ሴትዮዋ እዚያው አለቀሰች። የሕፃኑን መክሳት፣ የወተቷን ነገር፣ ባሏ ቤት እየፈለገ መሆኑን ሁሉንም ነገረችው። ከባዱን እሱ ስለተናገረላት የቀረው ቀለላት። ሰውየውም በማግስቱ ማሽኖቹን ማንም ወደማያድርበት የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት ወሰዳቸው፤ ባልየውም ቤት መፈለጉን ተወ።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ጎልማሳው ዞሩ።

«ማሽኑ አንተ ነህ ብልህ አትቆጣ። አንተም ክፉ ሰው አይደለህም፤ ልጆችህን አብልተሃል፣ አልብሰሃል፣ አስተምረሃል። ስለዚህ እነሱም እንደ ተከራዮቹ ‹ምንም› ይሉሃል። ያ ሰው መብራት ጠፍቶለት አየ። በአንተ ቤት መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ጸጥ የሚለው አንተ ስትወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እዚያ የለህም። ስትመለስ ግን ታያለህ። እስቲ ንገረኝ፤ ማታ በሩን ከፍተህ ስትገባ ቤቱ ምን ይሆናል?»



«ሳቃቸውን ከደጅ እሰማዋለሁ» አለ ጎልማሳው። «ስገባ ብድግ ይላሉ። ዝም ይላሉ። ልጄ ወደ ክፍሏ ትገባለች። አክብሮት መስሎኝ ነበር።»

«አምንሃለሁ» አሉት መምህሩ። «እንግዲህ ዛሬ ስትገባ ‹ምን በደልኩሽ?› ብለህ አትጠይቃት። ‹እኔ ስገባ ሳቅሽ እንደሚቆም አየሁ› በላትና ተቀመጥ። ስትናገር ግን አታቋርጣት።»