መንገደኛ ነኝ ያለው ጎረቤት

ተረት ልጀምር ነው። «የመሠረት» የማይለኝ ልጅ ጆሮውን ይዞ ይውጣ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ የአያቴ አያት ልጅ ሳለች፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ሦስት ልጆች አሏት። ትልቁ ሰባት ዓመቱ፣ ስንቄ የምትባለዋ አራት ዓመቷ፣ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። አንዱን ስታጥብ ሌላው ይቆሽሻል። ትንሹን አስተኛሁት ስትል ስንቄ ትቀሰቅሰዋለች። አንጓች ደክሟታል። ውኃ ቀድታ ደክሟታል፣ አርማ ደክሟታል፣ «እማ» ሲሏት «አቤት» ማለቱ ራሱ ይደክማታል። አትሳቁ፣ የእናንተም እናት እንዲሁ ናት።

ክረምቱን ሙሉ ልጆቹ ባለቀሱ ቁጥር አንድ ማባበያ ነበራት። መስከረም ይጥባ፣ የባቄላ እሸት ትበላላችሁ ትላቸዋለች። መንገድ ዳር ባለችው ቁራሽ መሬቷ ባቄላ ዘርታ ነበር። መስከረም ጠባ፤ ባቄላውም እሸት ሆነ።

የዚያ አገር ልማድ እንዲህ ነው። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ከማሳ ዳር እሸት ቀጥፎ ቢበላ አይከለከልም። ስንቁ አልቆበት ይሆናል ተብሎ ነው። የአገሩ ሰው ግን የጎረቤቱን እሸት ሳያስፈቅድ አይነካም፤ ነውር ነው።

አንጓች አያ ጥጋቡ የሚባል ጎረቤት ነበራት። እርሻው ሰፊ ነው፣ ሆዱ ግን ከእርሻው ይሰፋል። አንድ ቀን ማለዳ ማሳዋ ውስጥ ቆሞ ባቄላዋን ሲፈለፍል አገኘችው። ምነው በሰው ማሳ አለችው። «መንገደኛ ነኝ» አላት፣ እያላመጠ። በማግስቱ ሁለት ጎረምሳ ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ጠየቀችው። «መንገደኛ ነኝ» አለ። የማሳው እኩሌታ ተላጨ።

አንጓች ተቀምጣ አሰበች። እንዳትታገለው ጉልበተኛ ነው። እንዳትለምነው ጆሮ የለውም። እንዳትጮህ አቅም የላትም።

ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አያ ጥጋቡ ከነልጆቹ የአንጓች ማሳ ውስጥ ነበር። አንጓች ትንሹን አዝላ መንገድ ላይ ቆመች። የአገሩ የደቦ አለቃ አባ ውቤ ከሰዉ ጋር ሲደርሱ አስቆመቻቸው።

«አያ ጥጋቡ፣ በሰው ፊት ልጠይቅዎ። አንቱ የአገራችን ሰው ነዎት ወይስ መንገደኛ?»

«መንገደኛ ነኝ አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?» አለና ሳቀ።

«ሰሙልኝ አባ ውቤ?»

«ሰምተናል» አሉ አባ ውቤ።

አያ ጥጋቡ በልቶ ሄደ። አንጓች የቀረውን ለቀመች፤ ለሦስት ልጅ ሦስት እፍኝ ነበር። ስንቄ አለቀ ወይ ብላ ጠየቀች። አለቀ አለቻትና ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ኅዳር ገባ። የአያ ጥጋቡ ጤፍ ደረሰ። ደቦ ጠራ፤ ሰው አልመጣም። በማግስቱም ጠራ፤ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። እየሮጠ ወደ አባ ውቤ ሄደ።

«ደቦ ለአገር ሰው ነው» አሉት። «አንተ መንገደኛ ነህ፤ በሁላችን ፊት ተናግረሃል። ነገሩ የአንጓች ነው፤ እሷ ይቅር ካለችህ እንወጣለን።»

ዝናቡ ያለወቅቱ ወረደ። የጤፉ እኩሌታ ረገፈ። አያ ጥጋቡም እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ አንጓች ደጅ ቆመ። የአገርሽ ሰው ነኝ፣ የልጆችሽን እሸት በልቻለሁ፣ ማሪኝ አለ።

አንጓች ለመቆጣትም ደክሟት ነበር። በሩን እንደተደገፈች መለሰችለት።

«ባቄላዬን በመውቂያው ጊዜ ይመልሳሉ። ዛሬ ግን ልተኛ። ልጆቹን አንቱ ይያዙልኝ።»

ይሄማ ቀላል ነው ብሎ ድንጋዩን ጣለ። አንጓች ገብታ ተኛች። ትንሹ ሸናበት። ትልቁ ዛፍ ላይ ወጥቶ መውረድ አቃተው። ስንቄ እሸት ካልበላሁ ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ምን ያድርግ? አንዱን በጀርባው፣ አንዷን በትከሻው፣ አንዱን በእጁ ይዞ ከራሱ ማሳ የሽምብራ እሸት ሲያበላቸው ዋለ። ለራሱ አንዲት ፍሬ የቀመሰ እንደሆነ ስንቄ ከአፉ ታወጣለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወገቡን ይዞ መጣ።

«አንጓች፣ ይሄን በየቀኑ ነው የምትችዪው?»

«በየቀኑ ነው» አለችና ልጇን ተቀበለችው።

ደቦው በማግስቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ አያ ጥጋቡ በዚያ መንገድ ሲያልፍ የአንጓችን ማሳ ቀና ብሎ አያይም ነበር። ለዚህ ነው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚባለው።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። ዳቦ ያለው ለእኔ ያምጣ፤ የሌለው ሄዶ እናቱን ያሳርፍ።