ፊታውራሪ የከጀሏት ጨፌ

ይህን ያወራኝ አባቴ ነው፤ ለአባቴ ያወራው ደግሞ አያቴ። ከሁለቱ አንዳቸው ትንሽ ጨው ሳይጨምሩበት አልቀሩም፤ እኔም ብሆን እጄ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም።

አያ ጓንጉል የሚባል ምላሱ የሰላ ገበሬ ነበር። ሀብቱ ሁለት በሬና ከወንዝ ዳር ያለች አንዲት ጨፌ ናት፤ በበጋም ሳሯ አይደርቅም። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ቢተው አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ አዩዋትና ልባቸው እዚያው ቀረ። ለበቅሎዎቻቸው ተመኟት። በጉልበት እንዳይነጥቁ የበላያቸው ደጃዝማች ርስት ነጣቂን አይምሩም። ስለዚህ ጓንጉል ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ በእማኝ ፊት “ሰጥቻለሁ” እንዲል ማድረግ ነበረባቸው። ጓንጉልም ቀልደኛ ይሁን እንጂ ፈርቷል። ጨፌዋ ከሄደች በሬዎቹ በረሃብ ያልቃሉ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሰው ጥማድ ሲለምን ይኖራል።

መጀመሪያ የተላኩት የነፍስ አባቱ አባ ጥዑመ ልሳን ናቸው። መስቀል አሳለሙትና መከሩት። “ልጄ፣ ይህች ዓለም ኃላፊ ናት። መሬት ይዞ ወደ መቃብር የወረደ የለም። ጨፌዋን ለፊታውራሪ ተውና ነፍስህን ሸክሟን አቅልላት” አሉት።

ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ከዚያም፣

«አባቴ፣ የእኔን ነፍስ የተጫናት አንዲት ጨፌ ናት፤ የፊታውራሪን ነፍስ ግን ሃያ ጋሻ መሬት ተጭኗታል፤ ሸክም የበዛባትን ቢያስቀድሙ አይሻልም?» አላቸው።

ምክር እንቢ ሲል ማባበል መጣ። የፊታውራሪ ሚስት ወይዘሮ ደብሪቱ ጓንጉልን ምሳ ጠሩት። ያ ወትሮ ውሻ የሚለቀቅበት በር ወለል ብሎ ተከፈተለት፤ ከሹማምንቱ በላይ አስቀመጡት። ወይዘሮዋ በእጃቸው አጎረሱት። “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ብለው ደገሙት። ሦስተኛውን ጉርሻ ጉንጩ እስኪወጠር ከከተቱለት በኋላ፣ “ጨፌዋን ሰጠኸን አይደል?” አሉት። አፉ ሞልቶ ምን ይበል? አሽከሮቹ “ዝም አለ! ተስማምቷል! እማኝ ነን!” ብለው አጨበጨቡ። ጓንጉል እንባው እስኪመጣ አላምጦ ዋጠና፣

«እመቤቴ፣ እኔስ ጠገብኩ፤ በሬዎቼንም በየቀኑ እየመጡ በእጅዎ የሚያጎርሱልኝ ከሆነ እንነጋገር» አለ።

ከዚያ ወዲያ ለምሳ የጠራው የለም።

ቀጥሎ ጭቃ ሹሙ መጣ፤ እሱ እንኳ ማባበል የሚባል ነገር ከነጭራሹ አልፈጠረበትም። ዱላውን መሬት ላይ እየደቃ፣ “አንተ! ፊታውራሪን ታውቃቸዋለህ? እሳቸው ሲቆጡ እኮ የረገጡት ሳር ይደርቃል!” ብሎ አስፈራራው።

«እንግዲያውስ በቅሎዎቻቸው ምኑን ሊግጡ ነው?» አለው ጓንጉል።

አሁን የቀረው ልመና ነው። በዚያ አገር የበደለ ሰው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይደፋል፤ ያንን እንቢ ያለ ከአገር ከወንዙ ይገለላል። ፊታውራሪም ይህን ያውቃሉና ሰባት ሽማግሌ ድንጋይ አሸክመው ሰደዱ። ሽማግሌዎቹ ከጓንጉል ደጅ ተደፍተው “ስለ እግዚአብሔር! ስለ ማርያም!” አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ጓንጉል እውነት ጨነቀው፤ እንቢ ካለ ሰው ያጣል፣ እሺ ካለ ጨፌዋን ያጣል። ዞር ዞር እያለ ድንጋዮቹን ተመለከተና፣ “ለመሆኑ ምን በደላችሁኝ?” ሲል ጠየቀ። ትልቁ ሽማግሌ እያላበው፣ “እስካሁንስ ምንም” አለ።

«እንግዲያው ለሚመጣው በደል ነዋ! በሉ ተነሡ፣ ምሬያችኋለሁ፤ በደሉ ግን ይቅርባችሁ። ድንጋዩን ጨፌዋ ዳር ጣሉልኝ፣ አጥሩ እዚያ ጋ ሳስቷል» አለ።

ሽማግሌዎቹ ከተሸከሙ አይቀር ወስደው ጣሉለት።

ፊታውራሪ አሁን ነደዱ። ደጃዝማቹ የላኩት ዳኛ ለችሎት ሲመጣ፣ ዋርካው ሥር ቆመው፣ “ጨፌዋ የአባቴ ናት። ጓንጉል እስከ ዛሬ ያስጋጣት በእኔ ቸርነት ነው” ብለው ማሉ። አሽከሮቻቸው ሁሉ “እውነት ነው! እውነት ነው!” አሉ። ዳኛው ወደ ጓንጉል ዞሮ፣ “አንተስ እማኝ አለህ?” አለው። ጓንጉል ሕዝቡን አየ። አብረውት ያደጉ፣ አብረውት ያረሱ ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። አንድም ሰው ቀና አላለም። ይህ ከሁሉ አመመው።

“እማኝ ከሌለህ እንግዲህ ልፈርድብህ ነው” አለ ዳኛው።

«አለኝ እንጂ ጌታዬ! የነፍስ አባቴን ይጠይቁ፣ ወይዘሮ ደብሪቱን ይጠይቁ፣ ጭቃ ሹሙን ይጠይቁ፣ ሰባቱን ሽማግሌዎች ይጠይቁ፤ ሁሉንም ወደ እኔ የላኩ ፊታውራሪ ናቸው። የገዛ አባቱን መሬት ስጡኝ ብሎ በሰው ደጅ ድንጋይ የሚያሸክም ባለርስት የት አገር አይተዋል?»