ውሃ የተከለከለው ጓሮ

አንድ ገበሬ ነበረ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፣ ወለተ ሃና፤ እስኪ ተቀመጪ፣ ጉልበትሽ እንደሆነ አልቋል። ይህ ገበሬም አንቺ የጠየቅሽኝን ጠይቆ ነበር።

ከቤቱ ግድግዳ ሥር ወፍ የጣለችው የሾላ ፍሬ በቀለች። ሰውዬው አላያትም፤ የገዛ ቤቱን ዞሮ የሚያይ ማን አለ? ባየ ጊዜ ግንዱ ወፍሯል፣ ሥሩም የመሠረቱን ድንጋይ አንቆ ይዟል። ልጆቹ የሚተኙት ደግሞ በዚያው ግድግዳ በኩል ነው። መጥረቢያና ዶማ ይዞ ወጣ።

አንድ ግንበኛ ጎረቤቱ እጁን ያዘው። «አሁን ከነቀልከው ግድግዳውን ይዞ ይመጣል» አለው። «መጀመሪያ ውሃ ንሳው። ይክሳ፣ ድንጋዩን ይልቀቅ። ያን ጊዜ ጥራኝ፣ አብረን እንነቅለዋለን።»

ገበሬው ተናደደ። ጠላቱን እያየ፣ መሣሪያው በእጁ እያለ፣ ቆይ ይባላል? ደግሞ ሾላው የሚጠጣው ከጓሮው ቦይ ነው፤ ሎሚውም ጌሾውም ከዚያው። እሱን ማስጠማት ሁሉንም ማስጠማት ነው። ቢሆንም ልጆቹን አሰበና ቦዩን በጭቃ ደፈነ።

ከዚያማ ምን ልበልሽ። ጌሾው ጠወለገ። ሎሚው ቅጠሉን አራግፎ እርቃኑን ቀረ። ሾላው ግን፣ ለዓይን፣ እንደቆመ ነው። መንደርተኛው «በገዛ እጁ ጓሮውን ገደለ» ይለው ጀመር። እህል አልወርድለት አለ። ደከመው፣ በቃ ደከመው።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ወደ ቦዩ ሄደ። «የመጣው ይምጣ» አለና ጭቃውን በጣቱ ጫረው። ውሃው ሾልኮ ወረደ፤ እሱም በዓይኑ ተከተለው። ሎሚው ዘንድ አልደረሰም። ሾላው ከቦዩ አፍ ላይ ነበርና ሁሉንም ጠጣው። ገበሬው መልሶ ደፈነው፤ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጦም አለቀሰ።

ቆይቶ ሾላው ከሳ። ግንበኛው መጣ፣ ቆረጡት፣ ሥሩን ከድንጋዩ መሐል እየሳቡ አወጡት፤ ግድግዳው አልተነካም። ሎሚው ውሃ ሲያገኝ አቆጠቆጠ። ጌሾው እስኪያገግም ግን ብዙ ቆየ።

ልጄ፣ «በማኅፀኔ በር ላይ ያለውን ካንሰር ለምን ዛሬውኑ ቆርጠው አይጥሉልኝም? ለምን አስቀድመው በኬሞ መድኃኒት ያደክሙኛል?» ብለሽኛል። ሐኪሞቹ ቢላ ጠፍቷቸው አይደለም። እባጩ ሰፍቶ አጠገቡ ያለውን ይዟል፤ መድኃኒቱ እስኪያከሳው ነው የሚጠብቁት። ጠጉርሽ መርገፉ፣ ምግብ አልረጋ ማለቱ፣ ያ የሎሚው ጥማት ነው። የንስሐ አባትሽ ነኝና አልዋሽሽም፤ ትድኛለሽ ብዬ አልምልልሽም፣ እሱ በእግዚአብሔር እጅ ነው። ግን ደክሞኛል ብለሽ ነገ ከቀጠሮሽ ብትቀሪ፣ የሚያርፈው እባጩ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

በይ አሁን ሂጂና ተኚ። ጠዋት ሳልመጣ እንዳትወጪ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅም አጠገብሽ እቀመጣለሁ።