ቆርኬ ለብቻው ያስቀረው መስክ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አውሱኝ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሸንጎ ተቀምጠው በሚማከሩበት ዘመን፣ ስሟን የሚያስታውስ በሌለ አንዲት አገር፣ ቆርኬ የሚባል ባለቀንድ፣ እግረ ቀጭን የሜዳ እንስሳ፣ ሯጭ ነበረ።

በዚያች አገር አጭሩ ሩጫ የአቦሸማኔ፣ ረጅሙ የግመል ነበር። መካከለኛው፣ የአገሪቱን ሐይቅ ሁለት ጊዜ የሚዞረው ሩጫ ግን የቆርኬ ነበር። ያሸነፈ በሐይቁ ዳር ያለውን ለምለም መስክ በጋውን ሙሉ ይረከባል። ማን እንደሚግጥበት የሚወስነውም እሱ ነው።

ቆርኬ ግን ብቻውን አልነበረም የሚሮጠው። የሐይቁ ነፋስ ብርቱ ነው፤ ፊት ለፊት የገጠመውን ጉልበቱን ይበላዋል። ስለዚህ እመት የሜዳ አህያ ትቀድምና በሰፊ ደረቷ ነፋሱን ትከፍልለታለች። እሱ ከጅራቷ ሥር ሥር ይላል። ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ገለል ትልለትና ይፈተለካል። ሁልጊዜ ሊነሱ ሲሉ እንዲህ ትለው ነበር፦

“ነፋሱ ለእኔ፣ ድሉ ላንተ፣ ሣሩ ለሁላችን!”

እንደተባለውም ይሆናል። ባለቀንዱም ባለመስመሩም አንድ መንጋ ሆኖ መስኩ ላይ ይሰፍራል፤ ግማሹ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ግማሹ ቀና ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ዓመት ቆርኬ እንዳሸነፈ ቀበሮ ጅራቱን እየወዘወዘ መጣ።

“ጌታዬ ሻምፒዮን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?”

“ጠይቅ።”

“ለመሆኑ ማን ነው ያሸነፈው?”

“እኔ ነኛ!”

“ታዲያ ያቺ ባለመስመር አህያ ምን ሆና ነው ሆዷ የሚነፋው? አንተ ትሮጣለህ፣ እነሱ ይወፍራሉ። እኔ ምን አገባኝ፣ አዝኜልህ ነው እንጂ።”

ቀበሮ ያዘነላችሁ ቀን፣ ልጆቼ፣ በራችሁን ዝጉ። ቆርኬ ግን ልቡ አበጠ። መንጋውን ሰብስቦ፣ “ዘንድሮ መስኩ የእኔ ብቻ ነው” አለ።

“እኔስ?” አለች እመት የሜዳ አህያ።

“አንቺማ መቼ አሸንፈሽ ታውቂያለሽ?”

“ይሁን፤ ሣሩ ይስማማህ” አለችና መንጋውን አስከትላ ወደ ደረቁ ኮረብታ ወጣች። ወደ ኋላዋ አልዞረችም።

ቆርኬ ጉልበቱን በሚያለብስ ሣር መካከል ቀረ። አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ። ኮሽ! ቀና አለ፤ ነፋስ ነው። ደፍቶ ጎረሰ። ኮሽ! ቀና አለ፤ ወፍ ናት። ቀድሞ እሱ ሲግጥ ሌላ ዓይን ይጠብቅለት ነበር። አሁን ሲበላ አያይም፣ ሲያይ አይበላም። ሣሩ እየረዘመ፣ እሱ እየከሳ ሄደ። “እንዴት አደርክ?” የሚለው ቢያጣ ሐይቁ ውስጥ ካለው መልኩ ጋር ማውራት ጀመረ። መልኩም አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይመልስለትም።

በመጨረሻ ቀበሮን ለመነው። “ወንድሜ፣ አንድ ሆድ እስክበላ ጠብቅልኝ።”

“እኔ ሣር አልበላ፣ እዚህ ምን ያውለኛል?” አለና ቀበሮ በቀጥታ ወደ ጅብ ሮጠ።

“አያ ጅቦ፣ ምሳ አለ! ብቻውን ነው፤ የሚጮህለትም የለው። ለእኔ አጥንቱ ይበቃኛል።”

አያ ጅቦ ከሣሩ ውስጥ ብቅ ሲል ቆርኬ ተፈተለከ። ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ! አንደኛውን ዙር መራ። ነፋሱ ደረቱን ደበደበው፤ የሚከፍልለት የለም። ሁለተኛውንም እንደምንም መርቶ፣ ሩጫው ከሚያበቃበት ዋርካ ሥር ደረሰ። እልልታ የለም። “ጎበዝ!” ያለው የለም። ዞር ሲል አያ ጅቦ ያለ ችኮላ በሶምሶማ ይመጣል።

“አሸነፍኩህ እኮ!” አለ ቆርኬ እያለከለከ።

“አሸንፈኸኛል፣ እውነት ነው” አለ አያ ጅቦ። “ያንተ ሩጫ ሁለት ዙር ነው፤ የእኔ ግን እስክትደክም ነው።”

ቆርኬን ጉልበቱ ከዳው። ወደ ኮረብታው እየተጎተተ፣ ሊጠራው ያፈረውን ስም ጠራ፦ “እመት የሜዳ አህያ!”

ከኮረብታው ቁልቁል አቧራ ተነሣ። መጣች፤ ሳትወቅሰው ከፊቱ ገባች። “ነፋሱ ለእኔ!” አለች። “አንተ እግርህን ብቻ አንሣ!” ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ! ኮረብታው ላይ መንጋው ቀንዱን ደግኖ ተሰልፎ ነበር።

አያ ጅቦ ያን ሁሉ ቀንድ አይቶ ቆመ። አጥንቱን ተስፋ አድርጎ ከኋላው ወደሚከተለው ቀበሮ ዞረ።

“ብቻውን ነው አላልከኝም?”

“ጠዋት... ጠዋት ብቻውን ነበር፣ አያ ጅቦ!”

“እኔን ደግሞ አሁን ነው የራበኝ።”

ቀበሮ እግሬ አውጪኝ አለ። አያ ጅቦም እንደገና ሶምሶማውን ጀመረ። ቀበሮን ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ቆርኬ መንጋው መካከል ቆመ።

“ነገ ሁላችንም ወደ መስኩ እንወርዳለን” አለ። “አሁን እናንተ ጋጡ፤ እኔ ልጠብቅ።”

እመት የሜዳ አህያ የጎኑን አጥንት አየች።

“ነገ ነገ ነው። መጀመሪያ ብላ” አለችው። “እኔ ቆሜያለሁ።”

አንገቱን ደፋ። ሣሩ ደረቅ፣ ገለባ ነበር። ኮሽ አለ፤ ቀና አላለም። እስኪጠግብ ጋጠ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች አገር እንዲህ ይባላል፦ ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ ብቻውን የጋጠ የሚጠብቀው የለም።